ልጄ ገና ልጅ ናት፤ ክትባቱ ለምን?

ጅቡቲ ከተማ ፕላቶ ዱ ሰርፓን አካባቢ ያላችሁ ኢትዮጵያውያን እናቶች ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ስናወራ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሚተላለፍ ቫይረስ የ12 ዓመት ልጅ ማስከተብ ብዙዎችን ያሳፍራል፤ "ፈቃድ እንደ መስጠት አይሆንም ወይ?" ያሉኝም አሉ።

አይሆንም። ካንሰሩን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ እጅግ የተስፋፋ ቫይረስ ነው፤ በጨዋነት ያገባች ሴት እንኳ ከባሏ ሊይዛት ይችላል። ክትባቱ ደግሞ አስቀድሞ ይከላከላል እንጂ የገባውን ቫይረስ አያስወጣም። ዕድሜው ዝቅ ያለው በዋናነት ለዚህ ነው። መሃን ያደርጋል የሚባለውም ሐሰት ነው። ክትባቱ ውስጥ ሕያው ቫይረስ የለም፤ ያለው ሰውነት ጠላቱን እንዲለይ የሚያስተምር ባዶ የፕሮቲን ቅርፊት ነው።

ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በሁለት ዙር ጀመረች። በ2017 ዓ.ም ከ9 እስከ 14 ላሉት በአንድ ጊዜ መርፌ እንዲሰጥ ተደረገ። ስኮትላንድ ውስጥ በ12 እና በ13 ዓመታቸው በትምህርት ቤት በተከተቡት ሴቶች ላይ በ2024 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት አንድም የማኅፀን በር ካንሰር አልተገኘም። በእኛ አገር ግን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው ይኸው ካንሰር ነው!

መርፌው ክንድ ላይ ነው የሚወጋው። አንዳንድ ልጆች ከፍርሃት የተነሳ ራሳቸውን ስለሚስቱ 15 ደቂቃ ተቀምጠው ይጠብቁ፤ ቁርስ አብሏቸው። ለክረምት ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ የምትሄዱ ጤና ጣቢያ ጎራ ብላችሁ ጠይቁ፤ የልጃችሁንም የክትባት ካርድ ይዛችሁ ተመለሱ።