የጋዜጠኛ ጽሑፍ የሚታመነው መቼ ነው?

ወሬ በየቤቱ ሞልቷል፤ ወሬ ሁሉ ግን ዜና አይደለም። ለመሆኑ የአንድን ጋዜጠኛ ጽሑፍ ጊዜ ሰጥተን እንድናነበው የሚያደርገን ምንድን ነው? የቋንቋው ውበት ነው? ወይስ የጸሐፊው ዝና? አንድ ምሳሌ ወስደን እንመልከት።

ኤፕሪል 26 ቀን 1937 እ.ኤ.አ.፣ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ ጌርኒካ የተባለችው የባስኮች ከተማ በአውሮፕላን ተደበደበች። ዕለቱ ሰኞ፣ የገበያ ቀን ነበር። የለንደኑ «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ ዘጋቢ ጆርጅ ስቲር በዚያን ጊዜ ቢልባኦ ነበር። ይህ ሰው ቀደም ሲል ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር እዚህ ሆኖ ሲዘግብ የቆየ ነው። ስቲር በሰማው ብቻ አልጻፈም። በዚያው ሌሊት ወደ ስፍራው ሄደ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይም ከተማዋ ከዳር እስከ ዳር ስትነድ በዓይኑ አየ። የተረፉትንም ጠየቀ።

ዘገባው ኤፕሪል 28 ቀን ታትሞ ወጣ። ጽሑፉ ድብደባው የተጀመረበትን ሰዓትና የአውሮፕላኖቹን ዓይነት ለይቶ ይናገራል፤ አውሮፕላኖቹ የጀርመን ስሪት እንደነበሩም ይጠቅሳል። ከከተማዋ ውጭ የነበረው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ እንዳልተነካም ይገልጻል። ስለዚህ አንባቢው የጥቃቱ ዓላማ ምን እንደነበረ ራሱ ሊመዝን ይችላል። የሟቾችን ቁጥር በተመለከተ ግን ስቲር ገና ማወቅ እንደማይቻል ጻፈ እንጂ ቁጥር አልፈጠረም።

የፍራንኮ ወገን «ከተማዋን ያቃጠሏት ራሳቸው ባስኮች ናቸው» ሲል ካደ። ይሁንና ዘገባው በስሜት ላይ ሳይሆን ሊጣራ በሚችል ነገር ላይ የቆመ ስለነበር ክህደቱ አላፈረሰውም። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1997 እ.ኤ.አ.፣ የጀርመን ፕሬዚዳንት ሮማን ሄርዞግ የአገራቸውን ተጠያቂነት አመኑ።

እንግዲህ ዜና ስናነብ ሦስት ጥያቄዎችን እናንሳ። ጸሐፊው በቦታው ነበርን? ካልነበረስ ከማን ሰማ? የሚያውቀውን ከማያውቀው ለይቶ ነግሮናልን?

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ አበው። ያልተጣራ ወሬ ጎረቤትን ከጎረቤት ያቃቅራል፤ ንጹሑን ሰው ያስወነጅላል። ስለዚህ ልጆቻችን ከውጭ የሰሙትን ይዘው ሲመጡ ከመቆጣት ወይም ዝም ብሎ ከመቀበል ይልቅ «ማን አየ? ማንስ ነገረህ?» ብለን እንጠይቃቸው። ይህን ጥያቄ ቤት ውስጥ የለመደ ልጅ ነገ በወሬ ተነድቶ ሰው አይበድልም።