ፈታይና ሸማኔ በአንድ ጋቢ

ጋቢ አራት ድርብ ያለው የጥጥ ልብስ ሲሆን፥ በደጋው አገር የሁለት ወገን ሥራ ነው፤ ይኸውም የሴት ፈትልና የወንድ ሽመና ነው። ሴቲቱ ጥጡን ዳምጣ ፍሬውን ታወጣለች፤ በደጋን ነድፋም አመልማሎ ታደርገዋለች፤ ከዚያም በእንዝርት ትፈትለዋለች። ልጅቱም ሙያውን ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ትማራለች። ፈትሉ ሲበቃ ለሸማኔ ይሰጣል። እርሱም እግሩን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ ማጉን በመወርወሪያ በድሩ መካከል ያሳልፋል። የሸማው ወርድ እጅ ወርውሮ ሊቀበል ከሚችለው ስለማያልፍ፥ ሁለት ወርድ ጎን ለጎን ይሰፋል።

ልብሱ አንድ ቢሆንም የሠሪዎቹ ክብር እኩል አልነበረም። ፈትል የሴት ሙያ መመስገኛ ስለ ነበረ የመኳንንት እመቤቶች ሳይቀሩ ይፈትሉ ነበር፤ ሸማኔው ግን በዚያው ክር ሲሠራ ይሰደብ ነበር። ሽመና በጎንደር በኩል በቤተ እስራኤልና በሙስሊሞች፥ በአዲስ አበባ በተለይ ከጋሞ በመጡ ዶርዜዎች እጅ ነበረ። ስለዚህ ንቀቱ ከሥራው ይልቅ በሠሪው ወገን ላይ ያረፈ መሆኑ ይታያል። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል።

ዛሬ የቤቱ ሥራ ተለውጧል። በኢጣሊያ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ስም እንደሚጠራው እንደ ሲኤምሲ ባለ አዲስ ሠፈር፥ ጋቢ በአብዛኛው እንደ ሽሮ ሜዳ ካለ ገበያ ተገዝቶ ይገባል፤ ድሩም ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው። እንግዲህ ከቤተሰቡ እየራቀ የሄደው የተከበረው ፈትል ሲሆን፥ ጸንቶ የቆየው የተናቀው ሽመና ነው።