የጋራ ፋይል አልከፈት ሲል፦ በጤና ተቋማት የሰርቨር ፖርት መዘጋትና መንስኤውን የመለየት ዘዴ

የላቦራቶሪ ውጤት፣ የራጅ ምስልና የመድኃኒት ክምችት መዝገብ በአንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጠው ከየክፍሉ በሚነበቡበት ሆስፒታል፣ የግንኙነቱ መቋረጥ የኮምፒዩተር ባለሙያው ችግር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ውጤቱ ያልደረሰው ሐኪም ምርመራውን በድጋሚ ያዛል፤ ሕመምተኛውም ሁለተኛ ጊዜ ደም ይሰጣል። በዚህ ጊዜ በጥድፊያ የሚወሰደው የተለመደ እርምጃ ፋየርዎልን ጨርሶ ማጥፋት ነው። ፋይሉ ይከፈት ይሆናል፤ መንስኤው ግን ሳይታወቅ ይቀራል፤ የሕሙማኑም መረጃ ያለ ጠባቂ ይተዋል።

ፖርት ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የለየው፣ በቁጥር የሚታወቅ የመግቢያ በር ነው። በዊንዶውስ ፋይል ለመጋራት ዋነኛው በር ቲሲፒ 445 ሲሆን፣ የቀድሞው አሠራር ቲሲፒ 139ን እንዲሁም ዩዲፒ 137ንና 138ን ይጠቀማል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣውን የስሕተት መልእክት በጥሞና ማንበብ ያስፈልጋል። ሰርቨሩ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ወይም ፈቃድ እንደሌለ ከገለጸ በሩ ክፍት ነው፤ ችግሩ የተጠቃሚው ፈቃድ ስለሆነ ፋየርዎሉን መነካካት አይጠቅምም። የኔትወርኩ መንገድ አልተገኘም የሚለው መልእክት (ስሕተት ቁጥር 53) ግን ፖርቱን ያስጠረጥራል። ሆኖም የሰርቨሩ ስም ሳይታወቅ ሲቀርም ይኸው መልእክት ስለሚመጣ፣ በስሙ ፈንታ የአይፒ አድራሻውን ጽፎ መሞከር ይገባል።

ብዙዎች በፒንግ ይሞክሩና ምላሽ ሲያገኙ መስመሩ ደህና ነው ብለው ይደመድማሉ። ይህ የልብ ምት ስለተሰማ ብቻ ሕመምተኛው ጤነኛ ነው እንደማለት ነው፤ ፒንግ በየትኛውም ፖርት አያልፍምና ስለ 445 የሚናገረው የለም። ትክክለኛው ፈተና በቴልኔት ወይም ቴስት-ኔትኮኔክሽን በተባለው የፓወርሼል ትእዛዝ ይህንኑ ቁጥር ለይቶ መሞከር ነው። ከዚያም በሰርቨሩ ላይ ኔትስታት የሚለው ትእዛዝ 445 እየተጠባበቀ መሆኑን ያሳያል። የማይጠባበቅ ከሆነ አገልግሎቱ ራሱ ቆሟል። እየተጠባበቀ ከውጭ የማይደረስ ከሆነ ግን የከለከለው የሰርቨሩ ፋየርዎል፣ የጸረ-ቫይረሱ የራሱ ፋየርዎል ወይም በክፍሎች መካከል ያለው ራውተር ነው። አንደኛው ኮምፒዩተር ሲከፍት ሌላው ካልከፈተ ልዩነቱን በመካከላቸው መፈለግ ድካም ይቀንሳል። ራውተር ከተለወጠ በኋላ የጀመረ ችግር ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ አዲሱን ኔትወርክ ‹‹ፐብሊክ›› ብሎ መዝግቦት እንደሆነ ይታይ፤ በዚህ ምድብ ፋይል መጋራት በአብዛኛው የተከለከለ ነው።

ፖርቱ ክፍት ሆኖ ግንኙነቱ እምቢ የሚልበትም ጊዜ አለ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 የሚያውቀው የመጀመሪያውን የኤስ.ኤም.ቢ. ቋንቋ ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የወጡ የዊንዶውስ 10 እትሞች ይህን ቋንቋ አዲስ ሲጫኑ በአብዛኛው አያካትቱም። መፍትሔው ሰርቨሩን መተካት እንጂ አሮጌውን ቋንቋ በየኮምፒዩተሩ መመለስ አይደለም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም የተሠራጨው በዚሁ አሮጌ ቋንቋ ጉድለትና በፖርት 445 አማካኝነት ነበር። የማይክሮሶፍት ማስተካከያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። በእንግሊዝ የሆስፒታሎች አስተዳደር ከሆኑት 236 ድርጅቶች ቢያንስ 80ው ተቃወሱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጠሮዎችም ተሰረዙ። የአገሪቱ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ባወጣው ዘገባ፣ ድርጅቶቹ ወደ ኢንተርኔት የሚያዩ ፋየርዎሎቻቸውን ቢያስተካክሉ ኖሮ ከጥቃቱ በተጠበቁ ነበር ብሏል።

ስለዚህ 445 የሚከፈተው ለተቋሙ የውስጥ አድራሻዎች ብቻ ነው። ከከተማው ማዶ ያለ ጤና ጣቢያ ፋይሉን ማግኘት ካለበት በቪፒኤን ይገናኝ። ለሙከራ ሲባል ፋየርዎሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢጠፋ እንኳ የኢንተርኔቱ ገመድ አስቀድሞ ይነቀል፤ ማን፣ በስንት ሰዓት እንዳጠፋውና መልሶ እንዳበራው በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ይጻፍ።