ከመግዛት በፊት መመርመር

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ፣ ለልጁ አዲስ የጌም ኮምፒውተር የተሻለ የግራፊክስ ካርድ መግዛት ከትምህርት ቤት ክፍያና ከቤት አስቤዛ ጋር የሚሻማ ወጪ ነው። ስለሆነም ባልና ሚስት ሊመክሩበት የሚገባ ጉዳይ መሆኑን እናምናለን።

የግራፊክስ ካርድ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል እያሰላ የሚያቀርብ ክፍል ነው። ሆኖም ስንቅ ያልደረሰው ጦር እንደማይዋጋ ሁሉ፣ በቂ ኤሌክትሪክ ያላገኘ ካርድም ግዳጁን አይወጣም። ስለዚህ ወደ ሉቱሊ ጎዳና የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ከመውረዳችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንመርምር።

አንደኛው የፓወር ሰፕላዩ አቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4060 የሚፈጀው 115 ዋት ሲሆን፣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመከርለታል። በ2025 የወጣው አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ግን 180 ዋት ይፈጃል፤ የሚመከርለትም 600 ዋት ነው። ፓወር ሰፕላዩን መለወጥ ግድ ከሆነ ዋጋው በካርዱ ዋጋ ላይ ይደመር።

ሁለተኛ፣ ካርዱ የሚገባበት የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጡ በሜትር ይለካ።

ሦስተኛው የካርዱ ሜሞሪ ነው። ይኸው 5060 ቲአይ በ8ም በ16ም ጊጋባይት ይሸጣልና ስሙን ብቻ አይቶ መክፈል ያሳስታል።

በተጨማሪም ሳጥኑ በመከፈቱ የአዲሱ ኮምፒውተር ዋስትና እንዳይፈርስ ሻጩ አስቀድሞ ይጠየቅ። የቤቱን ሒሳብ የምትይዘው እናትም እነዚህን ቁጥሮች በወረቀት ጽፋ ትያዝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንላለን።