የመኪና መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ብልሽትና አመረማመሩ

በኮልፌ ቀራንዮ፥ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፥ ወደ ቤቴልም በሚያስገባው ውስጥ ለውስጥ፥ ጋራዥ ብዙ ነው። በነዚህ ጋራዦች ደጃፍ ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገመው ንግግር «ኮምፒውተሩ እንዲህ ብሏል» የሚለው ነው። ባለመኪናው ይህን ሲሰማ ክርክሩን ያቆማል፤ ኮምፒውተር ካለ ማን ይከራከራል? ገንዘቡን ይዞ ወደ ሶማሌ ተራ ይወርዳል፤ ዕቃው ተገዝቶ ይገጠማል፤ ቢጫው መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይበራል። መኪናው የቤት መኪና ቢሆን ጉዳቱ ከብስጭት አያልፍ ይሆናል። በስልክ ጥሪ እየሠራ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር የቪትስ ሾፌር ሲሆን ግን፥ መኪናው የቆመበት እያንዳንዱ ቀን ከልጆቹ ምሳ ላይ የሚቀነስ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በርግጥ ምን እንደሚል፥ ምንስ እንደማይል፥ የምሕንድስና ተማሪ ላልሆነውም አንባቢያችን በሚገባ አነጋገር ልንገልጥ አስበናል።

ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይደለም። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ዲ-ጀትሮኒክ የተባለውን በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ በፎልክስዋገን 1600 ላይ ያወጣው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አየርንና ቤንዚንን የሚያደባልቀው ካርቡራተር ነበር። ካርቡራተር አያስብም፤ አየሩ ሲያልፍበት ቤንዚኑን ይለቃል፥ በቃ። ሞተር ግን 1 ኪሎ ቤንዚን ደኅና አድርጎ ለማቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ብርድና ሙቀት፥ ዳገትና ቁልቁለት ሳይለይ ይህን ሚዛን መጠበቅ የኮምፒውተሩ ዋና ሥራ ነው። ለዚህም ሴንሰር የሚባሉ ምስክሮች ተሰጥተውታል። አንዱ የራዲያተሩን ውሃ ሙቀት፥ አንዱ የሚገባውን አየር መጠን፥ ሌላው የክራንክ ሻፍቱን አዟዟር ይነግረዋል። በጭስ መውጫው ላይ የተተከለው የኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ ከቃጠሎው በኋላ የተረፈውን አየር ይመሰክራል። በብዙ መኪናዎች ይህ ሴንሰር ቤንዚን ሲያንስ ወደ 0.1 ቮልት፥ ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት ያሳያል። ኮምፒውተሩም ይህን እየሰማ ቤንዚኑን በመቶኛ ይጨምራል፥ ይቀንሳል። ጭማሪው ከልክ ሲያልፍበት ቢጫውን መብራት ያበራና አንድ ቁጥር በማኅደሩ ይጽፋል።

ቁጥሩን የሚያነቡት ከመሪው በታች ካለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ነው። በአሜሪካ ለሚሸጡ መኪናዎች ይህ ሥርዓት ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ፥ በአውሮፓ ለቤንዚን መኪናዎች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። የእኛ አገር መኪናዎች ከየአቅጣጫው የመጡ ስለ ሆኑ የተሠሩበትን ዓመት ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ለየትኛው ገበያ እንደ ተሠሩም መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት የነበሩት ቶዮታዎች እንኳ ስካነር አይሹም። በኮፈኑ ሥር ባለችው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ማብራት፥ ከዚያም መብራቱ ብልጭ የሚልበትን መቍጠር ነው። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ፥ አርፎ፥ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቢል 22 ይሆናል፤ ይኸውም የውሃው ሙቀት ሴንሰር መስመር ማለት ነው። ይህችን ጥበብ የያዙ አሮጌ መካኒኮችን እኛ ከብዙ ስካነር አስበልጠን እናከብራቸዋለን።

«መስመር» ማለታችንን አንባቢ ልብ ይበል። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እዚህ ላይ ነውና። ቁጥሩ ክስ ነው፤ ፍርድ አይደለም። ከሳሹ ኮምፒውተር በሰማው ብቻ ይናገራል፥ ያልሰማውን አያውቅም። «የሙቀት ሴንሰሩ መስመር ልክ አይደለም» ሲል ሴንሰሩ ራሱ፥ ወይም ሽቦው፥ ወይም ማያያዣው፥ አልፎ አልፎም ኮምፒውተሩ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። እውነተኛውን ለመለየት የሚያስፈልገው ሁለት ደቂቃ ነው። የሴንሰሩ ሽቦ ከተነቀለ ስካነሩ ብዙ ጊዜ ውሃው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እንደ ሆነ ያሳያል (ኮልፌ ላይ እንኳን በኅዳር ሌሊት የማይታሰብ ብርድ ነው)። በተነቀለው ማያያዣ ላይ ሁለቱን ጫፎች በሽቦ ቢያገናኙ ደግሞ ንባቡ ወደ ከፍተኛ ሙቀት መዝለል አለበት። ከዘለለ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደኅና ናቸው፥ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው። ካልዘለለ አዲስ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ይህ ፈተና ሁለት ሽቦ ብቻ ላለው የሙቀት ሴንሰር እንጂ ለሌላው እንዳይሞከር እናሳስባለን፤ በሌላው ላይ ኮምፒውተር ያቃጥላል።

አሁን ሾፌሮችን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያስወጣቸው ክስ እንሂድ። ፒ 0171 የሚባለው ቁጥር «ቤንዚን አንሷል» ይላል። ክሱን ያቀረበው የኦክስጅን ሴንሰሩ ስለ ሆነ ብዙ ጋራዥ ይህንኑ ሴንሰር ይቀይራል፤ ይህም የመሰከረውን ሰው ማሰር ማለት ነው። የሚገባውን አየር በሚለካ ሴንሰር የሚሠራ የኮሮላ ሞተር ብንወስድ፥ ጥፋተኛውን የሚለየው የጭማሪው መቶኛ አኳኋን ነው። ነዳጅ ሳይረገጥ፥ መካኒኮች በሚኒሞ በሚሉት ጊዜ፥ ጭማሪው 25 በመቶ ሆኖ፥ ሞተሩ በደቂቃ 2500 ሲዞር ወደ 5 በመቶ ቢወርድ፥ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ ማለት ነው፤ የተሰነጠቀ ጎማ ቧንቧ ወይም ያረጀ ጋስኬት ይፈለጋል። ምክንያቱም በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለ ሆነ የሾለከው ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ ሞተሩ ብዙ ሲስብ ያው ሽንቁር ከቁጥር አይገባም። በተቃራኒው በሚኒሞ ደኅና ሆኖ በዳገት፥ ጭነት ሲበዛበት፥ ጭማሪው የሚያድግ ከሆነ ፖምፓው ወይም የቤንዚኑ ፊልትሮ ተጠርጣሪ ነው፤ አየር የሚለካው ሴንሰር አቧራ ለብሶ እንደ ሆነም ይታያል። እንግዲህ አንድ ቁጥር፥ ሦስት አራት ልዩ ልዩ ጥፋት። የጎማ ቧንቧው ዋጋና የኦክስጅን ሴንሰሩ ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቁ ሶማሌ ተራ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል።

ከፍታችን ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ላይ ናት። ስለዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ 101 ኪሎፓስካል ሲሆን በእኛ ከተማ 76 ገደማ ነው። ግፊት የሚለካ ሴንሰር ያለው መኪና ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሣ ይህንኑ 76 ማሳየት አለበት። በውጭ አገር የተጻፈው መመሪያ ግን ብዙ ጊዜ «100 ማሳየት ይገባዋል» ይላል፥ ጸሐፊው በባሕር ዳር ተቀምጦ ነውና። መመሪያውን እንደ ወንጌል የያዘ ወጣት መካኒክ ደኅናውን ሴንሰር «ሞቷል» ብሎ ቢፈርድበት አይደንቅም። ያው መኪና አዳማ ቢወርድ 82 ያህል፥ ጅቡቲ ቢደርስ 101 ያነባል፤ ሴንሰሩም ጤነኛ ነው። እንዲያውም አዲስ አበባ ላይ 100 የሚያሳይ ሴንሰር ቢገኝ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው።

ስካነር ከመሰካቱ በፊት ግን ባትሪው ይለካ። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተር ሲነሣ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም፤ ዲናሞው ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ይጠበቃል። ቮልቱ ሲወድቅ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርሳቸው መካሰስ ይጀምራሉ፥ ስካነሩም በአንድ ጊዜ አሥር ክስ ያወጣል። ማሳው፥ ማለትም ከባትሪው አሉታዊ ጫፍ ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደው ወፍራም ሽቦ፥ ሲዝግ እንዲሁ ነው። ሞተሪኖው እያዞረ ቴስተሩን በባትሪው አሉታዊ ጫፍና በሞተሩ አካል መካከል ቢያደርጉት ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት የሚበልጥ ልዩነት ሊታይ አይገባም። በክረምት የኮልፌ ጭቃ ሥራውን ይሠራል። ላቫጆ ላይም ሞተሩን በኀይለኛ ውሃ ማስመታት ለብዙ ማያያዣ አረንጓዴ ዝገት ያወርሰዋል። እኛ ሞተር ማሳጠብን አንመክርም፤ አቧራ መኪና አያቆምም፥ ውሃ ግን ያቆማል።

በአዳዲሶቹ መኪናዎች ሞተሩ፥ ፍሬኑና የአየር ከረጢቱ ለየብቻ ኮምፒውተር አላቸው፤ እነሱም ካን በሚባል፥ ቦሽ በ1986 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባሳወቀው፥ በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ይነጋገራሉ። በብዙዎቹ መኪናዎች ሽቦዎቹ በባለ 16ቱ ሶኬት 6ኛና 14ኛ ቀዳዳ ይገኛሉ። በመስመሩ ሁለት ዳር እያንዳንዱ 120 ኦም የሆነ ማገጃ አለ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለ ሆኑ ባትሪው ተፈትቶ ሲለካ 60 ኦም ይሰጣሉ። 120 ከታየ አንዱ ዳር ተቋርጧል። ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ይህን የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ሊያሰላው ሲችል፥ በየጋራዡ ኮምፒውተር ሲቀየር እናያለን! ከሌላ መኪና የወጣ ኮምፒውተር ደግሞ በብዙ መኪናዎች የቁልፉን ምስጢር ስለማያውቅ ሞተሩን አያስነሣም፤ ባለመኪናው በአንድ ብልሽት ፈንታ ሁለት ይይዛል።

መኪና ለመግዛት ለሚያስብ ወንድም ወይም እኅት አንድ ነገር እንጨምር። መብራቱ አለመብራቱ የጤንነት ማስረጃ አይደለም፤ ሻጩ ጠዋት ቁጥሩን አስጠፍቶ ሊያመጣው ይችላል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ክሱ በተሰረዘ ጊዜ የራሱንም ፈተናዎች ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ስካነሩ «ዝግጁ አይደለም» የሚል ዝርዝር ካሳየ ትዝታው በቅርብ ጊዜ ተፍቋል ወይም ባትሪው ተፈትቷል። ጥቂት ቀን ነድቶ መልሶ ማስነበብ ነው። ጋራዥ ለሚገባም፥ ቁጥሩ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ በዚያው ቅጽበት የነበረውን የሞተር ዙር፥ የውሃ ሙቀትና ጭነት አብሮ ስለሚያስቀምጥ፥ ይህ ሳይነበብና በወረቀት ሳይሰፍር እንዳይሰረዝበት ይጠይቅ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ በከተማችን ያሉት ኮሮላዎችና ቪትሶች ገና ረጅም ዕድሜ ይጠበቅባቸዋል፥ ሽቦዎቻቸውም አብረው ያረጃሉ። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ደግሞ ከነሱ ይልቅ ብዙ ኮምፒውተር የተሸከሙ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ለቻይና ገበያ ተሠርተው ስለ መጡ መልእክታቸውን በቻይንኛ ይጽፋሉ። ከላይ የገለጥነው የ12 ቮልት ምርመራ ለነሱም ይሠራል፤ ትንሹ ባትሪ ሲደክም እነሱም አይነሡም። ብርቱካን ቀለም ባላቸው ወፍራም ሽቦዎች ውስጥ ያለው ግን በመቶዎች የሚቈጠር ቮልት ነው፤ የትልቁ ባትሪ ማቋረጫ ተነቅሎ፥ አምራቹ ያዘዘው ደቂቃ ተጠብቆ፥ ቮልቱም በተገቢው ጓንትና መለኪያ ዜሮ መሆኑ ሳይረጋገጥ እጅ አይገባበትም።