«ከታች የሆነ ነገር ወረደብኝ» ለሚሉ እናቶች

ዛሬ ስለ ማህፀን መውጣት እንነጋገር። በዕብራይስጥ «ጽኒሃት ሬሄም» ይሉታል።

ማህፀንንና የሽንት ፊኛን ከስር ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ አለ። እሱ ሲላላ የያዘው ነገር ወደ ታች ይወርዳል፤ አንዳንዴም ወጥቶ በእጅ ይዳሰሳል። እርግማን አይደለም፣ ካንሰርም አይደለም። ብዙ መውለድ፣ ረጅም ምጥ፣ ከባድ ሸክምና ዕድሜ ያመጡታል። ጎንደር ለኖረች እናት ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እንስራው፣ የማገዶ እንጨቱ፣ ወፍጮው። ወንድ ሲወለድ 40፣ ሴት ስትወለድ 80 ቀን በአራስ ጎጆ መቆየቱ፣ የዛሬ ልጆች ቢገረሙበትም፣ ለሰውነት ደህና ዕረፍት ነበር ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ግን ሸክሙ ይመለሳል።

ምልክቱ ምንድነው? ጠዋት ደህና ሆነው ማታ ከታች ይከብድዎታል፣ ጋደም ሲሉ ይሻልዎታል። ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ሽንት ያመልጣል፤ ወይም ደግሞ ተቀምጠው አልወጣ ይላል። አንዳንድ እናት ሽንት እንዳያመልጣት ብላ ውሃ መጠጣት ትተዋለች፣ ከሰርግም ከለቅሶም ትቀራለች። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ሕክምና አለውና።

«ሄጄ ቀደው ቢያወጡብኝስ?» ብለው አይፍሩ። ቀላል ከሆነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጡንቻውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ታስተምርዎታለች፤ ሽንት እንደሚይዙ ጭብጥ አድርጎ መልቀቅ ነው፣ በየቀኑ፣ ለወራት። ፔሳሪ የሚባል የሲሊኮን ቀለበትም አለ። ሐኪሟ ውስጥ ታስገባዋለች፣ ማህፀኑን ደግፎ ይይዛል፣ በየጥቂት ወሩ ወጥቶ ይታጠባል። ቢላዋ የሚባል ነገር የለውም። ይህ ካልበቃ ኦፕሬሽን አለ፤ መወሰን የእርስዎ ነው። እስከዚያው የሆድ ድርቀትና ሳል ካለ ይታከሙ፤ የሱፐሩን ዕቃም በእጅ አይሸከሙ፣ ባለጎማ ቦርሳ ይጎትቱ።

ወዴት ልሂድ ካሉ፣ በኩፓት ሆሊምዎ ለማህፀን ሐኪም ቶር ይያዙ። «ሴት ሐኪም እፈልጋለሁ» ማለት ነውር የለውም። ለፊዚዮቴራፒው ሐኪሟ ሃፍናያ ትጽፍልዎታለች። ኦፕሬሽን ካስፈለገም ሃዔሜቅ ሆስፒታል እዚሁ አፉላ ነው።

ትልቁ ችግር ግን ቋንቋው ነው። ወንድ ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ሊያስተረጉም ሲገባ እውነቱ አፍ ላይ ይቀራል፤ «ወገቤን ነው የሚያመኝ» ይባላል፣ የወገብ ኪኒን ይዞ መመለስ ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ እንዲያገለግሉ ታዘዋል። ስለዚህ ቶር ሲይዙ ያኔውኑ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በስልክ የሚያስተረጉምም ይሆናል። መደወሉ ከከበደዎት ወደ እኛ ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ይምጡ፣ አብረን እንደውላለን። ምን እንደሆነ እንኳ መናገር አይጠበቅብዎትም፤ «የሴት ሐኪም ጉዳይ» ካሉን ይበቃል።

ሁለት ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ሽንት ጭራሽ አልወጣ ካለ የዚያኑ ቀን ወደ ሚዩን ይሂዱ። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ካዩ፣ ጠብታም ብትሆን፣ በዚያው ሳምንት ለሐኪም ይታዩ።