በመንግሥት ጤና ተቋም መዋልና ማደር

የኢትዮጵያ የመንግሥት ጤና ሥርዓት በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። ከታች ጤና ኬላ አለ፤ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሰው ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል። የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እስከ 100 ሺህ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይደርሰዋል፤ ከሁሉ በላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች አሉ። ታማሚ ከታች ይጀምራል፤ እዚያ ያልተቻለ «ሪፈር» ተጽፎለት ወደ ላይ ይሄዳል። ወረቀቱ የማይናገረው በየደረጃው የጎደለው በምን እንደሚሞላ ነው። በአብዛኛው የሚሞላው በሠራተኛው ነው፤ በጊዜው፣ በጉልበቱ፣ አንዳንዴም በኪሱ።

ሐኪም ሲታጣ ሌላ ባለሙያ ማፍራት የቆየ ዘዴ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር ጤና ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው ሐኪም በማስመረቅ አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ያው ሐሳብ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ፤ ጤና መኮንኖች የሦስት ዓመት ተጨማሪ ትምህርት ወስደው ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ ተደረገ። ዛሬ ስፔሻሊስት በማይገኝበት ወረዳ ምጥ የጠናባትን እናት በኦፕራሲዮን የሚያዋልዳት ብዙ ጊዜ ይኸው ባለሙያ ነው። ዘዴው ሠርቷል፤ ሕይወት አድኗል። ችግሩ ለጊዜው ተብሎ የተጫነው ሸክም እዚያው መቅረቱ ነው፤ የኃላፊነቱን ያህል ደመወዙና ዕድገቱ አልተከተሉትም።

ይህ ከየትም በላይ ጎልቶ የሚታየው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ዕቅዱ ለየቀበሌው ሁለት ሴቶች መመደብ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቁ። በብዙ ሌሎች አገሮች እንዲህ ያለው ሥራ በበጎ ፈቃደኞች ጫንቃ ላይ ሲጣል ኢትዮጵያ ደመወዝ ቆረጠችላቸው፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። በ16 የሥራ ዘርፎች ጀመሩ፤ መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር፣ ክትባት፣ ወባ መከላከል፣ የቤተሰብ ዕቅድ። በኋላ ሕፃናትን ከሳንባ ምች ማከምና ሌሎችም ተጨመሩ። ሲጨመር እንጂ ሲቀነስ የታየ ሥራ የለም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቀን በእግር መንገድ ያልቃል። ከጎጥ ወደ ጎጥ ትሄዳለች፤ የየቤቱን የቤተሰብ ማህደር ትሞላለች፤ ማታ ደግሞ ሪፖርት ይጠብቃታል። የቀበሌው አስተዳደር ስብሰባ ሲጠራ እሷም ትጠራለች፤ ከጤና ጋር ምንም የማይገናኝ ዘመቻ ሲመጣም ሕዝቡን የምታውቀው እሷ ናት ተብሎ ትላካለች። ያገባች እንደሆነ ባሏ ወዳለበት ከተማ ዝውውር ማግኘት ዓመታት ይፈጃል። ሃያ ዓመታቸው ሳለ በገቡበት ጤና ኬላ ውስጥ ሠላሳ አምስት የሚሞላቸው ጥቂት አይደሉም።

ውጤቱ ግን በቁጥር ይታያል። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 5 ነበሩ፤ በ2011ዱ ጥናት 48 ደርሰዋል። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናትም ከሺህ 166 ከነበሩበት በ2008ቱ ጥናት ወደ 67 ወርደዋል። ለዚህ የአዋላጅ ነርሶች ድርሻ ቀላል አይደለም። የእናቶች ማቆያ ያላቸው ጤና ጣቢያዎች ቀኗ የደረሰችን ነፍሰ ጡር አስቀድመው ያስገባሉ፤ ከወለደች በኋላ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፣ ዱቄቱንና ቅቤውን የአካባቢው ሰው ያዋጣል። ገንፎውን ያመጣው ከመመሪያ ይልቅ የእናቶችን ልብ ያወቀ ሰው ይመስለኛል። አንዲት እናት ለምን ቤቷ መውለድ እንደምትመርጥ ቢጠይቋት መልሷ ብዙ ጊዜ ቤቷ ውስጥ ያለው ክብር ነውና።

ሆስፒታል ሌላ ዓለም ነው። ታካሚው ገና በጠዋት ከካርድ ክፍል ፊት ተሰልፎ ይቆያል፤ ኦፒዲ (ተመላላሽ ሕክምና) የደረሰ እንደሆነ ሐኪሙ ለአንዱ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ዋርዱን ሌሊት የሚይዙት በሥልጠና ላይ ያሉት ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች ናቸው። ሲኒየር ሐኪሙ በስልክ ይጠየቃል። ዱቲ ላይ ያለ ኢንተርን መርምሮ ማዘዝ ብቻ አይደለም ሥራው፤ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ ይሮጣል፣ ደም ይለምናል፣ ተሸካሚ ከጠፋ አልጋ ይገፋል። ሌሊቱን ቆሞ አድሮ ጠዋት ራውንድ ላይ ስለ እያንዳንዱ ታካሚ ይጠየቃል።

ከሠራተኛው ዝርዝር ውስጥ የሌለ ሌላ ሠራተኛም አለ፤ አስታማሚው። የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ የሚያገላብጠው እሱ ነው፤ ነርሷ ብዙ አልጋ ለብቻዋ ይዛ ይህን ሁሉ ልታደርስ አትችልም። መድኃኒት ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲጠፋ «ከውጭ ይገዛ» የሚል ማዘዣ ይዞ ከተማውን የሚያስሰውም እሱ ነው። ማዘዣውን የሚጽፈው ሐኪም ሰውየው እንደማይገዛው ፊቱን አይቶ ያውቃል። ከየኪሳቸው አዋጥተው የሚገዙ ሐኪሞችና ነርሶች አሉ፤ ለማን አዋጥቶ ማንን መተው እንደሚቻል ግን የሚያስተምር ኮርስ የለም። እንዲህ ባለው ቦታ ግድግዳ ላይ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚለውን ማሳሰቢያ ማንበብ ለሠራተኛው ምን ስሜት እንደሚሰጠው መገመት አያስቸግርም።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታካሚውን ሸክም ለማቅለል የታሰበ ነው፤ ለብዙ ገበሬም አቅልሏል። ነገር ግን ዓመታዊ መዋጮውን የከፈለ ሰው መድኃኒት የለም ሲባል የሚቆጣው መስኮቱ ላይ ባለችው ፋርማሲስት ላይ ነው።

በቀውስ ጊዜ ጉድለት መሙላቱ ከልክ ያልፋል። በኮቪድ ወቅት ሕሙማኑን ይቀበል የነበረው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ሠራተኞች በሽታውን ይዘን ቤት እንገባለን ብለው ፈርተው ከልጆቻቸው ተለይተው ኖረዋል። በትግራዩ ጦርነት በመቀሌ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞችና ነርሶች ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ሠርተዋል፤ ራሳቸው የሚበሉት እያጡ።

ደመወዝ ከተነሳ አይቀር፣ ብሶቱ አዲስ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎችን ሰብስበው ካነጋገሩ በኋላ፣ በመልሱ ያልረኩ ወጣት ሐኪሞችና ተማሪዎች ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ተቃውሞ ወጥተዋል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ የባለሙያው የወር ገቢ ዋጋ ይበልጥ ወረደ። ግንቦት 2017 ላይ በከፊል ሥራ ማቆም ሲጀመር መንግሥት ድርጊቱን ሕገወጥ አለው፤ በርካታ ባለሙያዎችም ታሰሩ። ከሥራ አቋሚዎቹ ጥያቄዎች መካከል ባለሙያው ሲታመም የሚታከምበት መንገድ ይኑረው የሚል ነበረበት። በመስከረም 2018 በተግባር ላይ እንዲውል የተወሰነው ጭማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር የሚያወጣ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያራምድ አከራዩን መጠየቅ ነው።

ብዙዎች ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የግል ክሊኒክ ይሠራሉ። መንግሥትም ይህን ተረድቶ በራሱ ሆስፒታሎች ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራ የግል ክንፍ ፈቅዷል። ሌሎች ወደ እርዳታ ድርጅት ይሻገራሉ፤ የአሜሪካን የሕክምና ፈቃድ ፈተና የሚያጠኑም ሞልተዋል።

አዲስ የተመረቀ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ምድቡ በዕጣ ይወጣለት ነበር፤ የግዳጅ አገልግሎቱን ሳይጨርስም የትምህርት ማስረጃው በእጁ አይገባም ነበር። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተባዙ፤ የሚሰደደውን በብዛት በማሠልጠን እንተካዋለን የሚል ሐሳብ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሺህ ሰው 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልጋል ሲል ኢትዮጵያ ያላት ወደ 1 ገደማ ነው። ይሁንና ባለፉት ዓመታት የዕጣው ሥርዓት ላልቶ፣ ክልሎች ለመቅጠር በጀት የለንም በማለታቸው፣ ሥራ ፈት ሐኪም የሚባል ነገር መጥቷል። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ሰው ሊሠራው የሚገባውን ዱቲ አንድ ኢንተርን ብቻውን ያድርበታል፤ እዚያው ከተማ አምና የተመረቀው ጓደኛው የቅጥር ማስታወቂያ ይጠብቃል።